ሰው እምነቱን በምን ያጸናል?

ስለ አራቱ መንገዶች የተዘጋጀ ትምህርት

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ በልብህ ያለውን እምነት ሁሉ አንድ ቀን ተቀምጠህ ብትቈጥረው እጅግ ይበዛብሃል። ስለ እግዚአብሔር የምታምነው አለ፤ ስለ ጐረቤትህ ጠባይ የምታምነው አለ፤ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ዘርና ስለ ዝናም፣ ስለ ገበያና ስለ መንግሥት የምታምነው አለ። ዳሩ ግን «ይህን ያመንኸው በምን መንገድ ነው?» ተብለህ ብትጠየቅ፣ ለሚበዛው መልስ ታጣለታለህ። በሬውን ከማን እንደ ገዛነው፣ መሬቱን ከማን እንደ ወረስነው በምስክር እንናገራለን፤ የእምነታችንን አመጣጥ ግን ጠይቀን አናውቅም።

«ይህ የፈላስፎች ሥራ ነው፤ ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል ቢኖር እንዲህ ብዬ እመልሳለሁ። ሰው በሐሰት ወሬ ወንድሙን ሲጠላ፣ ያልሰረቀውን ሌባ ብሎ ሲያሳስር፣ የታመመ ልጁን ከሐኪም ሲከለክል፣ እጁ የሠራው ልቡ ያመነውን ነው። እምነት የሥራ ሥር ነውና፣ ሥሩን ሳይመረምር ፍሬው እንዲያምርለት የሚመኝ ሰው ከንቱ ይደክማል። ስለዚህ ይህ ትምህርት ለሊቃውንት ብቻ አይደለም፤ በጐ ጠባይ ሊኖረው ለሚወድ ሁሉ ነው።

የጥርጣሬ እሾህ

በ1870 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በኖቬምበር 1877፣ ቻርልስ ሳንደርስ ፐርስ የሚባል የአሜሪካ ሊቅ ስለዚህ ነገር አንድ ጽሑፍ በመጽሔት አወጣ። ይህ ሰው ትክክለኛ አስተሳሰብ ምን እንደ ሆነ የሚመረምር ፈላስፋ ነበረ፤ እንጀራውን የሚበላው ግን የአገሩን የባሕር ዳርቻ በሚለካ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እያገለገለ ነበር። በዚያም የምድርን ስበት በሚወዛወዝ ፔንዱለም ይለካ ነበርና፣ መለካት ምን እንደ ሆነ በእጁ የሚያውቅ ሰው ነበረ።

የትምህርቱ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ጥርጣሬ ዕረፍት ይነሣል፤ እምነት ግን ዕረፍት ይሰጣል። እሾህ የወጋው ሰው እሾሁ እስኪወጣለት ድረስ እንደማያርፍ፣ የተጠራጠረም ሰው አንድ እምነት እስኪይዝ ድረስ አያርፍም። ከጥርጣሬ ወደ እምነት ለመድረስ የሚደረገውም ትግል ምርመራ ይባላል። እምነትም በአፍ የሚነገር ቃል ብቻ አይደለም፤ ሰውን ለሥራ የሚያዘጋጅ ልማድ ነው። «ድልድዩ ጽኑ ነው» ብሎ የሚያምን ይሻገራል፤ በአፉ «ጽኑ ነው» እያለ በወንዙ ዳር የሚቆም ግን በእውነት አላመነም።

ነገር ግን የእሾህን ሕመም ማስታገሻው ብዙ ነው። አንዱ እሾሁን ያወጣዋል፤ ሌላው ሥጋውን ያደነዝዘዋል እንጂ እሾሁ በውስጥ ይቀራል። ፐርስም ሰዎች ከጥርጣሬ የሚያርፉባቸውን መንገዶች አራት አድርጎ ቈጠራቸው።

የሐይቅ ባሕር ምሳሌ

አራቱን መንገዶች ለማስረዳት ምሳሌ ከአገራችን እንውሰድ። የሐይቅን ባሕር የማያውቅ የወሎ ሰው የለም። ሽማግሌዎች ስለ አፈጣጠሩ ሲናገሩ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ እግዚአብሔርም ተቈጥቶ ሴቲቱ ከተቀመጠችበት ሥፍራ በቀር ምድሩን ውሃ አደረገው፤ የተቀመጠችበትም ሥፍራ ዛሬ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ነው ይላሉ። እንግዲህ አራት ሰዎች በባሕሩ ዳር ተቀምጠው ስለ ጥልቀቱ ተከራከሩ እንበል።

አንደኛው፣ «ወለል የለውም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያመንሁት ይህን ነው፤ ሌላ ቃል አልሰማም» አለ። ሁለተኛው፣ «የአገሩ ገዥ መቶ ክንድ ነው ብለዋል፤ ሌላ የሚናገር ይቀጣ» አለ። ሦስተኛው፣ «እንዲህ ላለ ድንቅ ባሕር ወለል ባይኖረው ያምራል፤ ለአእምሮም ይስማማል» አለ። አራተኛው ግን ምንም ሳይናገር በታንኳ ወጣ፤ ድንጋይ በገመድ አስሮ ጣለ፤ ድንጋዩም ወለሉን በነካ ጊዜ ገመዱን ለካና፣ «እናንተም ኑና ጣሉ» አላቸው።

የውሃ ሊቃውንት በዚህ በአራተኛው መንገድ መርምረው፣ እጅግ የጠለቀው ሥፍራ 88 ሜትር ያህል መሆኑን ጽፈዋል። አስተውል፤ ገመዱን ክርስቲያን ቢጥለው ሙስሊምም ቢጥለው፣ ንጉሥ ቢጥለው ገበሬም ቢጥለው፣ የሚገኘው ያው ነው። ባሕሩ ስለ እኛ አሳብ አይጠልቅም፣ ስለ እኛ አሳብም አይጐድልም። ደግሞ አስተውል፤ ገመዱ ስለ ጥልቀቱ መለሰ እንጂ ስለ ሴቲቱ ታሪክ አልመለሰም። እያንዳንዱ ጥያቄ ለራሱ የሚስማማ ገመድ ይፈልጋልና፣ በአንዱ ገመድ ሁሉን እለካለሁ የሚልም ይሳሳታል።

መጀመሪያው መንገድ፤ የያዙትን አለመልቀቅ

በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ያመነውን ደግሞ ደጋግሞ ለራሱ ይናገራል፤ የሚቃወመውን መጽሐፍ አያነብም፤ ከሚቃወመው ሰው ጋር አይቀመጥም። እውነቱን ለመናገር ይህ መንገድ ጥቅም የለውም አይባልም። ሰውየው በቶሎ ያርፋል፤ በሥራውም አያመነታም። ለሰማው ነገር ሁሉ ከሚወዛወዝ ሰው ይልቅ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ የጸና ሥራ ይሠራል።

ዳሩ ግን ሰው ብቻውን የሚኖር ፍጥረት አይደለም። ዐይኑንና ጆሮውን ቢዘጋም ጐረቤቱ ሌላ ነገር እንደሚያምን ያውቃል፤ ጐረቤቱም ሞኝ አለመሆኑን ያውቃል። በወሎ አንዱ ወንድም ክርስቲያን፣ ሁለተኛው ሙስሊም የሆነበት ቤተ ሰብ ብዙ ነው፤ በሠርግም በኀዘንም አብረው ይቀመጣሉ። እንዲህ ባለ አገር የሚኖር ሰው፣ «የእኔ እምነት እውነት የሆነው እኔ ስለ ያዝሁት ነው» ሊል እንዴት ይችላል? ወንድሙም የራሱን በዚያው ጽናት ይዞታልና። ጽናት ሰውየው የጸና መሆኑን ይመሰክራል፤ የያዘው ነገር እውነት መሆኑን ግን አይመሰክርም።

ሁለተኛው መንገድ፤ በሥልጣን ማጽናት

አንድ ሰው ብቻውን ሊያጸናው ያልቻለውን እምነት መንግሥት ወይም ጉባኤ ለሁሉ ያጸናዋል። የሚማረው ይወሰናል፤ የሚቃወም ዝም ይባላል፤ ዝም ያላለ ይቀጣል። የዚህ መንገድ ታላቅ ምሳሌ የሚገኘው በሩቅ አገር አይደለም፤ በእኛው በወሎ ነው።

የፐርስ ጽሑፍ በአሜሪካ በወጣበት በዚያው በ1870 ዓ.ም.፣ ከግማሽ ዓመት በኋላ በግንቦት ወር፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ በስተ ሰሜን ባለው በቦሩ ሜዳ ታላቅ ጉባኤ ሰበሰቡ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከጥቂት ጊዜ በፊት በልቼ ገብረውላቸው ነበርና እርሳቸውም ተገኙ። የክርክሩ ነገር ስለ ጌታችን ልደት ነበር። ተዋሕዶዎች ሁለት ልደት፣ ይኸውም ከአብ ያለ እናት፣ ከድንግል ማርያም ያለ አባት ብለው ያስተምሩ ነበር፤ በሸዋ የበዙት የጸጋ ልጆች የተባሉት ግን በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት ሦስተኛ ልደት አለ ይሉ ነበር። ጳጳሱ አቡነ አትናቴዎስ ሞተው፣ ሌላ ጳጳስም ገና አልመጣም ነበርና፣ በጉባኤው የበላይ ሆነው የተቀመጡ ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ከእስክንድርያ መንበር የመጣ ደብዳቤ ተነበበ፤ ሦስት ልደትም ተወገዘ። እንቢ ካሉት መነኮሳት ምላሳቸው የተቈረጠ እንደ ነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል።

ወዳጄ ሆይ፤ በዚህ ሥፍራ ከሁለቱ ወገኖች የማንኛው ትምህርት እውነት እንደ ሆነ ልፈርድ አልተነሣሁም። የምጠይቅህ ስለ መንገዱ ነው። የተቈረጠ ምላስ የትኛውን ቃል እውነት ያደርጋል? ሁለት ልደት እውነት ከሆነ ምላስ ሳይቈረጥም እውነት ነበረ፤ ሐሰትም ቢሆን ምላስ በመቈረጡ እውነት አይሆንም። አባቶቻችን «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይላሉ፤ ንጉሥን መክሰስ አይቻል ይሆናል፤ ንጉሥም ግን እውነትን ሊያዝዛት አይችልም።

ደግሞም ሥልጣን ነገሩን ሁልጊዜ አይጨርሰውም። ከቦሩ ሜዳ 24 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1846 ዓ.ም.፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሣ ከአቡነ ሰላማ ጋር ሆነው በአምባ ጫራ ይህንኑ ሦስት ልደት አስወግዘው ነበር። በዚያ ቀን ያለቀ የመሰለው ክርክር በቦሩ ሜዳ እንደ ገና መሰብሰብን አስፈለገ። ከቦሩ ሜዳ በኋላ ግን ወገኑ እየደከመ ሄዶ በአደባባይ የሚከራከር ጠፋ። እንግዲህ ሥልጣን ክርክርን ዝም ለማሰኘት ይችላል፤ ይህን አልክድም። ዝም ማለትና መረዳት ግን አንድ አይደሉም።

ይህ ከሁሉ ይልቅ የታየው በወሎ ሙስሊሞች ላይ ነው። ከጉባኤው በኋላ እንዲጠመቁ ታወጀ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም አፄ ዮሐንስ ሆኑ። ተቀናቃኛቸው አባ ዋጠውም ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ንጉሥ ምኒልክ ሆኑ። ከሕዝቡ ግን ብዙዎች ተሰደዱ፤ እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉት መሣሪያ አንሥተው ተዋጉ፤ ሌሎችም በቀን ክርስቲያን፣ በሌሊት ሙስሊም ሆነው ኖሩ። ዛሬ ከደቡብ ወሎ ሕዝብ የሚበዛው ሙስሊም ነው። ዐዋጁ የሰዎችን ስም ለወጠ፤ ልባቸውን ግን አልለወጠም። ከዚህም የከፋው፣ ሰውን በሁለት ፊት እንዲኖር አስተማረው። እኛ ወንጌልን እናስተምራለን የምንል ሰዎች ይህን ታሪክ ልንረሳው አይገባንም፤ ጥምቀትን ከሰይፍ ጋር ያየ ሕዝብ የእኛን ቃል በጥርጣሬ ቢሰማ፣ ምክንያት አለውና።

ነገር ግን ሥልጣን ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም። ተማሪ መጀመሪያ መምህሩን ሳያምን ፊደል እንኳ አይቈጥርም። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ትምህርት ቤት በተከሉ ጊዜ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ደቀ መዛሙርት ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ተማሩ። በ1273 ዓ.ም. የተጻፈው የአራቱ ወንጌል መጽሐፋቸውም በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። መጽሐፍ የሚያስጽፍ መምህር ቃሉን ለሚያነብ ሁሉ ይገልጣል። በትርጓሜ ቤት ያለው መምህርም አንዱን ቃል ከተረጐመ በኋላ «አንድም» እያለ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ትርጓሜ ያቀርባል እንጂ ሌላውን አይደብቅም። መጽሐፉን ገልጦ «ተመልከት» የሚል ሥልጣን አለ፤ አፍን ይዞ «ዝም በል» የሚል ሥልጣንም አለ። ፊተኛው ወደ ምርመራ የሚያደርስ ደጅ ነው፤ ሁለተኛው ግን ደጁን የሚዘጋ መዝጊያ ነው።

ሦስተኛው መንገድ፤ ልብ የወደደውን ማመን

ይህ መንገድ ከሁለቱ የከበረ ይመስላል። በዚህ ጅራፍ የለም፤ ሰዎች በነጻነት ይነጋገራሉ፤ ለአእምሮ የሚስማማውንም ይመርጣሉ። ችግሩ ይህ ነው፤ «ለአእምሮ ይስማማል» የምንለው ብዙ ጊዜ «ለልማዴና ለምኞቴ ይስማማል» ማለት ነው። የአምባሰል ቅኝት ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ይልቅ ያምራል ወይስ አያምርም ተብሎ ቢጠየቅ ጆሮ ይፍረድ፤ ለዚህ ሌላ ዳኛ አያስፈልግም። በሬውን የሰረቀው ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን የልብ ደስታ ዳኛ ሊሆን አይገባውም። የጠላነው ሰው ሰረቀ ሲባል ቶሎ ደስ ይለናልና።

ሊቃውንት እንኳ ከዚህ ወጥመድ አያመልጡም። የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ የተባለውን የግዕዝ መጽሐፍ እንመልከት። ሐተታ ማለት ራሱ ምርመራ ማለት ነው። መጽሐፉን በበጌምድር የነበረ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል የካቶሊክ መነኵሴ አገኘሁት ብሎ በ1840ዎቹ ዓ.ም. ለአንቷን ዳባዲ ላከው። በ1920 በአውሮጳውያን አቈጣጠር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የሚባል የኢጣልያ ሊቅ፣ «መጽሐፉን የደረሰው ራሱ መነኵሴው ነው» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ብዙ ዓመት ቈይቶ በአዲስ አበባ ያስተምሩ የነበሩት ክሎድ ሰምነር፣ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። እንግዲህ ኢትዮጵያዊው አንባቢ «የእኛ ቢሆን ያኰራል» ብሎ ቢያምን፣ ወይም የውጭ አገር ሰው «አፍሪካዊ እንዲህ አይጽፍም» ብሎ ቢክድ፣ ሁለቱም በአንድ መንገድ ሄደዋል። ኵራትም ንቀትም የብራናውን ዕድሜና የግዕዙን አነጋገር አይመረምሩም። ማስረጃው ገና ሲመረመር «ቈይ፤ እንመልከት» ማለት ነውር አይደለም።

አራተኛው መንገድ፤ ከእኛ ውጭ ባለው ነገር መመዘን

አራተኛው መንገድ ገመድ የጣለው ሰው መንገድ ነው። መሠረቱም ይህ ነው፤ ከአሳባችን ውጭ የሆነ፣ እኛ ብንወድም ብንጠላም የማይለወጥ ነገር አለ፤ ያም ነገር ለሚመረምሩት ሁሉ ራሱን ይገልጣል። በዚህ መንገድ ብቻ ሰው «ተሳስቼ ይሆን?» ብሎ መጠየቅና መልስ ማግኘት ይችላል።

ልዩነቱን በፍርድ ነገር እናየዋለን። ቀድሞ በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበር። ለአንድ ልጅ መድኃኒት በወተት ያጠጡታል፤ ጢስም ያጤሱታል፤ ልጁም ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ ሲሄድ፣ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍል ነበር። ይህ ነገር ምርመራ ይመስላል፤ ነገር ግን ልጁ ቢሳሳት የሚታወቅበት ምንም መንገድ አልነበረም። ሁለት ልጆች በአንድ ሌሊት ወደ ሁለት ቤት ቢገቡ፣ ማንኛው እንዳበለ በምን ይለያል? ምስክር ግን ይጠየቃል፤ ሌላ ምስክር ይመጣበታል፤ «የት ቆመህ አየህ? ጨረቃ ነበረችን?» ይባላል። ምስክርም ይዋሻል፤ ውሸቱን ግን የሚገልጥ መንገድ አለ። እውነተኛ ምርመራ የማይሳሳት ምርመራ አይደለም፤ ስሕተቱን ሊያገኝ የሚችል ምርመራ ነው እንጂ።

የዚህም ታላቅ ምሳሌ በአምባሰል ምድር በውጫሌ ይገኛል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የኢጣልያ መልእክተኛ አንቶኔሊ በዚያ ውል ተፈራረሙ። ውሉ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። በ17ኛው አንቀጽ አማርኛው፣ ኢትዮጵያ ከአውሮጳ ነገሥታት ጋር ለምትጻጻፈው ነገር የኢጣልያን መንግሥት ርዳታ መጠቀም እንደምትችል ይናገር ነበር፤ የኢጣልያንኛው ግን እንደ ግዴታ አድርጎ ጻፈው። ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ዘውዳቸው ለአውሮጳ ነገሥታት በጻፉ ጊዜ፣ «በኢጣልያ በኩል ላኩልን» የሚል መልስ መጣባቸው። እሾሁ ወጋ፤ ጥርጣሬውም ተነሣ።

በዚያን ጊዜ ምን ተደረገ? ሁለቱ ጽሑፎች ጐን ለጐን ተመረመሩ። በመስከረም 1883 ዓ.ም. ምኒልክ ለንጉሥ ኡምቤርቶ በጻፉት ደብዳቤ፣ ሁለቱን አመሳክረው እንዳልተስማሙ እንዳገኙ አስታወቁ። አስተውል፤ ክርክራቸውን ያቆሙት «እኔ ንጉሥ ነኝ» በማለት ብቻ አይደለም፤ ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ማንም ሰው፣ ወዳጅም ቢሆን ጠላትም ቢሆን፣ ሊያነበው በሚችል ነገር ላይ ነው። በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ። ኢጣልያ ግን የያዘችውን አልለቀቀችም፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ በደም ደረሰ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ውል የውጫሌው ውል ተሻረ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ እውነት በምርመራ መገለጡ ግፈኛን ሁሉ አያቆምም፤ ሰው አይቶ ሊክድ ይችላል። ሁለተኛ፣ የታወቀውን ካልታወቀው መለየት ይገባል። የሁለቱ ጽሑፍ አለመስማማት የታወቀ ነው። ልዩነቱ በተንኰል ገባ ወይስ በአስተርጓሚ ስሕተት የሚለውን ግን የታሪክ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከሩበታል። ጠንቃቃ ሰው ፊተኛውን በጽኑ ይናገራል፤ ሁለተኛውን ግን በልክ ይናገራል።

የሁለት ሊቃውንት ክርክር

አሁን አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። ሰው ሁሉን እስኪመረምር ድረስ ምንም ሳያምን ሊኖር ይችላልን? ስለዚህ ነገር ሁለት ሊቃውንት ተከራክረዋል።

የእንግሊዙ ዊልያም ክሊፎርድ በ1877 በአውሮጳውያን አቈጣጠር በጻፈው ጽሑፍ፣ ያለ በቂ ማስረጃ ማመን ሁልጊዜ ኃጢአት ነው ብሎ አስተማረ። ምሳሌውም አንድ ባለ መርከብ ነው። መርከቡ ማርጀቱን ሰምቶ ተጠራጠረ፤ ነገር ግን ገንዘቡን ስለ ወደደ «ብዙ ጊዜ በደኅና ተመልሳለች» እያለ ራሱን አሳመነ፤ መርከቢቱም ከሰዎቹ ጋር ሰጠመች። ክሊፎርድ እንዲህ ይላል፤ መርከቢቱ በደኅና ብትደርስ እንኳ ሰውየው በደለኛ ነው፤ እንደዚያ ለማመን መብት አልነበረውምና።

የአሜሪካው ዊልያም ጄምስ ግን የዓድዋ ጦርነት በሆነበት በ1896 በአውሮጳውያን አቈጣጠር መልስ ሰጠው። አንዳንድ ነገር ቀጠሮ አይሰጥም አለ። ምርጫው ታላቅ ሲሆን፣ ሳይመርጡ መቅረትም ራሱ ምርጫ ሲሆን፣ ማስረጃውም ሊቈርጠው የማይችል ሲሆን፣ ሰው በልቡ ሊያምን ይፈቀድለታል። ወዳጅነትን ተመልከት፤ «ወዳጄ መሆንህን አስቀድመህ ካላረጋገጥህልኝ አላምንህም» የሚል ሰው ወዳጅ አያገኝም፤ ማመኑ ራሱ ወዳጅነቱን ይወልደዋልና።

እኔ የሁለቱን ክርክር እንዲህ ብመዝነው ይሻለኛል። የማመኔ ኪሳራ በራሴ ላይ ሲወድቅ ጄምስ እውነት አለው፤ ሕይወቴን በተስፋ ላይ ላቆማት እችላለሁ። ኪሳራው በጐረቤቴ ላይ ሲወድቅ ግን የክሊፎርድ ፍርድ ይበረታል። ያለ ማስረጃ በእግዚአብሔር ምሕረት ብታመን ማንንም አልበደልሁም፤ ያለ ማስረጃ ወንድሜን ሌባ ብለው ግን በድያለሁ። ነገር ግን እኛ የተገላቢጦሹን እናደርጋለን፤ ስለ እግዚአብሔር ምሕረት ሲነገረን ማስረጃ እንጠይቃለን፤ ስለ ጐረቤታችን ክፋት ሲነገረን ግን ሳንጠይቅ እናምናለን።

ለአካሄዳችን የሚረዳ ምክር

ቅዱስ መጽሐፍም ምርመራን አይፈራም። በሐዋርያት ሥራ በ17ኛው ምዕራፍ የቤርያ ሰዎች የተመሰገኑት፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ያስተማራቸው እውነት እንደ ሆነ ለማየት መጻሕፍትን ዕለት ዕለት በመመርመራቸው ነው። ኒቆዲሞስ በአለቆች ጉባኤ ተነሥቶ፣ ሰውን ሳይሰሙት እንዳይፈርዱበት ተከራከረ። ገማልያልም ሐዋርያትን ሊገድሉ ለተነሡት፣ ነገሩ ከሰው እንደ ሆነ ወይም ከእግዚአብሔር እንደ ሆነ በፍጻሜው እንደሚታወቅ መከራቸው። ስለዚህ፣ ወዳጄ ሆይ፣ እነዚህን አምስት ነገሮች በልብህ አኑር።

1ኛ፤ ወሬ በሰማህ ጊዜ፣ ከገበያ ቢመጣ ወይም በእጅ ስልክ ቢላክልህ፣ ሳታስተላልፈው «ያየ ማን ነው?» ብለህ ጠይቅ። «ሁሉ ይላል» የሚለው ቃል ምስክር አይደለም፤ ሁሉም ከአንድ ሰው ሰምተው ይሆናልና።

2ኛ፤ ባመንኸው ነገር ላይ «ብሳሳት በምን አውቀዋለሁ?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። ምንም ነገር ሊያሳውቅህ የማይችል ከሆነ፣ እምነትህ ያለው በመጀመሪያው መንገድ ላይ ነው።

3ኛ፤ የሚቃወምህን ሰው ከራሱ አፍ ስማው። ሙስሊሙ የሚያምነውን ከሙስሊሙ፣ ክርስቲያኑ የሚያምነውን ከክርስቲያኑ ጠይቅ እንጂ ከጠላቱ አትማር።

4ኛ፤ ሥልጣን ቢኖርህ፣ አባት ብትሆን ወይም መምህር ወይም አለቃ፣ ለሚጠይቅህ ልጅ ቍጣን መልስ አድርገህ አትስጠው። የተቈጣህበት ጥያቄ አይጠፋም፤ አንተ ወደማትሰማበት ሥፍራ ይሄዳል እንጂ።

5ኛ፤ ሳትጠራጠር የተጠራጠርህ አትምሰል። እውነተኛ ምርመራ ከእውነተኛ ጥርጣሬ ይጀምራል፤ ለመታየት ብቻ ሁሉን እጠራጠራለሁ የሚል ተማሪ ምንም ሳያምን ከሚከራከር ጠበቃ አይሻልም።

ምናልባት «እምነቴን ብመረምረው ይጠፋብኛል» ብለህ ትፈራ ይሆናል። ፍርሃትህን አልንቀውም፤ ጭንቀቱ እውነተኛ ነውና። ነገር ግን አስብ፤ በመመርመር የሚጠፋው ምንድር ነው? ወርቅ አንጥረኛ በእሳት ቢፈትነው አይጠፋም፤ የሚጠፋው ወርቅ ያልሆነው ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ተብሏል። ንጋት እንዲጠራ ሰው መስኮቱን ይክፈት እንጂ ፀሐይን አያወጣትም። እኛም እውነትን አንፈጥራትም፤ በቦሩ ሜዳ እንደ ተደረገው በሰይፍ ልንጠብቃትም አልተጠራንም። የተሰጠን ሥራ መስኮቱን መክፈት፣ ገመዱን መጣል፣ ያገኘነውንም በልክ መናገር ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ከወንድሙ ጋር ባይስማማ እንኳ አይበድለውም።

ለማጥናት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. አራቱ መንገዶች የትኞቹ ናቸው? ስለ ሐይቅ ጥልቀት በተነገረው ምሳሌ እያንዳንዱን አሳይ።
2. በቦሩ ሜዳ የተደረገው ጉባኤ ምን ለመፈጸም ቻለ? ምንስ ለመፈጸም አልቻለም?
3. መጽሐፉን የሚገልጥ ሥልጣንና አፍን የሚይዝ ሥልጣን በምን ይለያሉ?
4. በውጫሌ ውል ነገር የታወቀው ምንድር ነው? እስከ ዛሬ የሚያከራክረውስ?
5. ባለፈው ሳምንት ስለ አንድ ሰው ካመንኸው ክፉ ነገር አንዱን አስብ፤ ያመንኸው በየትኛው መንገድ ነው?